«ሙሉ ነው» አይበቃም፦ ገንዘብን በሰጪው ፊት ስለ መቁጠር

የተቀበሉትን ገንዘብ በሰጪው ፊት መቁጠር ሰውየውን ሌባ ማለት ነው፤ በሐይቅም በአምባሰልም እንዲህ ሲባል ሰምቼ ነው ያደግሁት። ሰጪው ብሩን አጥፎ ያስጨብጣል፣ «አብሽር፣ ሙሉ ነው» ይላል፣ ተቀባዩም ሳያየው ኪሱ ይከታል። ጨዋነት ይህ ነው ይባላል። ይህ «ጨዋነት» ስንት ሰው እንዳቀያየመ ስላየሁ ዝም ብዬ ላልፈው አልችልም።

ነገሩ የሚበላሸው እንዲህ ነው። አርዲቦ ሐይቅ ዳር አስጋሪው የጠዋቱን ቆሮሶ ዓሣ ለነጋዴዋ ያስረክባል። እሷ መኪና እንዳያመልጣት ትቸኩላለች። የእሱ እጅ ርጥብ ነው፣ ቅርፊት ተለጥፎበታል፤ የታጠፈውን ብር በሁለት ጣቱ ጫፍ ይዞ ለልጁ ያቀብላል፣ ልጁም ለእናቱ ያደርሳል። ማታ እናት ስትቆጥር አንድ ባለ 200 ጎደለ። ማን ይጠየቅ? ነጋዴዋ ደሴ ገብታለች፤ ሙሉ ነው ብላም ምላለች። አባት አልቆጠረም። የቀረው ልጁ ነው። ሳይቆጠር ከእጅ ወደ እጅ ያለፈ ገንዘብ ሲጎድል ዕዳው ሁልጊዜ የሚወድቀው አቅም በሌለው ላይ ነው፦ በልጅ፣ በተላላኪ፣ በቤት ሠራተኛ። በእንዲህ ያለ ጥርጣሬ ጓዟን ሸክፋ የወጣች ሠራተኛ አውቃለሁ። ገንዘቡ ቆይቶ ከሰጪው ሳጥን ተገኘ፤ እሷን ግን ፈልጎ ይቅርታ የጠየቃት የለም።

ልማዱ ያለ ምክንያት አልመጣም። አያቶቻችን ከብታቸውንም ልጆቻቸውንም አይቆጥሩም ነበር፤ በረከቱ ይነሳል ይላሉ። ዳዊት ሕዝቡን ስላስቆጠረ መቅሠፍት መውረዱ በሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 24 አለ። ሀብትን ከክፉ ዓይን፣ ከቀማኛና ከግብር ሰብሳቢ የመሸሸግ ብልሃትም ያለበት ይመስለኛል። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። ነገር ግን በበረት ያለው ከብት የባለቤቱ ብቻ ነው፤ እጅ ላይ ያረፈው ብር ግን እስኪረጋገጥ ድረስ የሁለት ሰዎች ጉዳይ ነው።

አለመቁጠርን የእምነት ምልክት አድርገው የሚሰብኩትን ግን መታገሥ ያቅተኛል። ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ፣ የአል-በቀራ 282ኛው፣ የሚናገረው ስለ ዕዳ መጻፍና ስለ ምስክር ነው። የእጅ በእጅ ንግድን ከመጻፍ ነፃ ቢያደርግም በመገበያየት ጊዜ ምስክር እንዲኖር ያዛል። በሁለተኛ ነገሥት ምዕራፍ 12 ደግሞ በንጉሥ ኢዮአስ ዘመን ካህኑ ዮዳሄ ሣጥን ነድሎ በመሠዊያው አጠገብ አኖረ፤ ብር ሲበዛበት የንጉሡ ጸሐፊና ሊቀ ካህናቱ አብረው ቆጠሩት። ገንዘቡን ተረክበው ለሠራተኞች ይከፍሉ የነበሩት ሰዎች ግን ታማኞች ስለነበሩ ሒሳብ አልተጠየቁም። አለመቁጠርን የሚደግፍ ሰው ይህችን የመጨረሻዋን ብቻ መዝዞ ሊያነብልኝ ይችላል፤ ከእሷ በፊት ገንዘቡ በሁለት ሰዎች ፊት መቆጠሩን ግን አይዝለልብኝ። ሕጉም ቢሆን በቃል ብቻ አይታለልም፦ በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚሰጥ እምነት ወይም መሐላ ካልሆነ እንደማይረጋገጥ ይደነግጋል።

ገንዘብ በግልጽ በመቁጠር ካዚኖን የሚያህል ቤት መኖሩን እጠራጠራለሁ። ቁማሩን አላመሰግንም፤ አሠራሩን ነው የማወራው። በላስ ቬጋስ በካዚኖ ጠረጴዛ ላይ ካርታ የሚያድሉ ብዙ ወገኖቻችን አሉ። ዲለር (ካርታ አዳዩ) ከተጫዋች እጅ ገንዘብ አይቀበልም፤ ተጫዋቹ ጠረጴዛው ላይ ያኖረዋል። ዲለሩ ኖቶቹን አንድ በአንድ ዘርግቶ፣ ከላይ ያለው ካሜራ እንዲያያቸው አድርጎ፣ መጠኑን ጮክ ብሎ ለተቆጣጣሪው ይናገራል። በገንዘብ ምትክ የሚሰጡትን ቺፕሶች በአምስት በአምስት ከፋፍሎ ያሳያል፣ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ተጫዋቹ የሚገፋው። ብሩ በጠረጴዛው ቀዳዳ ከሥር ወዳለው የተቆለፈ ሣጥን ይወርዳል። ሣጥኑን የሚከፍቱትና የሚቆጥሩት ሌሎች ሰዎች ናቸው። ዲለሩ ጠረጴዛውን ለቆ ሲሄድ መዳፎቹን ወደ ላይ፣ ወደ ታች ገልብጦ ባዶ መሆናቸውን ያሳያል። ይህን ሁሉ ሲያደርግ «ሌባ አልከኝ» ብሎ የሚቀየም ተጫዋች የለም። ክርክር ቢነሳ ደግሞ የዲለሩን ስም የሚያድነው ያ ዝርግ ብር ነው።

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። ዕቁብ የደረሰው ሰው ገንዘቡ በአባላቱ ፊት ተቆጥሮ ነው የሚሰጠው፤ እስካሁን በዚህ ዕቁብ ሲፈርስ አላየሁም። በባንክ መስኮት ላይም ሳይርቁ ቁጠሩ ተብሎ ሲለጠፍ የተቆጣ ደንበኛ የለም። እኔ የተሻለ የሚመስለኝ ሸክሙን ሰጪው ቢያነሳው ነው። ነጋዴዋ ብሩን ስትዘረጋ ራሷ «ቁጠርልኝ» ብትል አስጋሪው አያፍርም፤ እጁ ርጥብ ከሆነም እሱ እያየ እሷ ትቆጥርለታለች። አባትን ወይም አንድን ሼህ በዚህ መንገድ ቁጠሩልኝ ማለት ይከብዳል፤ በእነሱ ፊት እንዴት እንደሚቻል እኔም መልስ የለኝም። ለእኩያና ለደንበኛ ግን ሰበብ አይሆንም።

ላለመቁጠር የሚሰጡት ሌሎች ሰበቦች በአጭሩ ያልቃሉ። «ማሽን አይሳሳትም» ይላሉ። ብዙው የብር መቁጠሪያ የሚቆጥረው ኖት እንጂ ዋጋ አይደለም፤ በባለ 200 እስር መካከል የገባ ባለ 100 ለእሱ አንድ ኖት ነው። ርጥበት የነካውና የተጣበቀ ብርም ሁለቱ እንደ አንድ ሊያልፍ ይችላል። «የታሰረ ብር አይነካም፣ ከባንክ እንደወጣ ነው» የሚሉም አሉ፤ ማሰሪያው ማን እንዳሰረው አይናገርም።

«መልእክት ከደረሰ ገንዘቡ ገብቷል» የሚለው ግን ቴሌብር በግንቦት 2013 ከተጀመረ ወዲህ የመጣ አዲስ ተረት ነው። ገዢው ስልኩን ዘርግቶ የሚያሳየው ጽሑፍ የእሱ ስልክ ላይ ያለ ጽሑፍ ነው፤ እንደዚያ ያለ ጽሑፍ ደግሞ ማንም ሊሠራው ይችላል። ሻጩ ዕቃውን ሳያስረክብ በራሱ ስልክ ወደ *127# ገብቶ ቀሪ ሒሳቡን ይመልከት። ገዢው «አታምነኝም?» ካለው፣ ሒሳቡን አይቶ እስኪጨርስ ዓሣው ቅርጫቱ ውስጥ ይቆይ።