ድምፁ የእሷ፣ ማሲንቆው የእሱ

ጎንደር ላይ አምሽታችሁ አዝማሪ ቤት ከገባችሁ አቀማመጡን ታስታውሱታላችሁ። ወንበሩ ዝቅ ያለ ነው፤ በርጩማና መደብ ይበዛል። ባለ ማሲንቆው ግድግዳውን ተደግፎ ይገዘግዛል። መሀል ላይ ቆማ፣ ወገቧን በመቀነት አስራ፣ ከእንግዳ እንግዳ እየተዘዋወረች የምትገጥመው፣ የምታሞግሰው፣ የምትነካካውና እስክስታውን የምታወርደው ብዙ ጊዜ ሴቷ ናት። አንዱ ሞቅ ያለው እንግዳ «ተቀበይ!» ብሎ ስንኝ ሲወረውርላት ሳታዛንፍ ትቀበለዋለች። ቤት ያልመታለት እንደሆነም በዜማዋ አቃንታ ትመልስለታለች፤ ሰውዬውም ራሱን እንደ ገጣሚ ቆጥሮ ደስ ብሎት ይቀመጣል። ብሩ ግንባሯ ላይ ይለጠፋል። በማግስቱ «ትናንት ማን ጋ አመሻችሁ?» ስትባሉ የምትጠሩት ስም ግን አብዛኛውን ጊዜ የባለ ማሲንቆውን ነው።

እኔ የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝ። ማን ሸጠ፣ ማስታወቂያው ላይ የማን ስም ወጣ፣ ገንዘቡ ወዴት ገባ ብሎ መጠየቅ የሙያ በሽታዬ ነው። በሥራም በበዓልም ምክንያት ጎንደር በሄድኩ ቁጥር ይህ ጥያቄ እየተከተለ አስቸግሮኛል። ስለ ሴቶች ጥንካሬ ስንጽፍ ብዙ ጊዜ የምንፈልገው በትልልቅ ቢሮ ያሉትን ነው። ለዚህ ወር ግን ጉልበቷም ጥበቧም እያንዳንዷን ምሽት ለሽያጭ የሚቀርበውን ሴት ላንሳ።

ጎንደር አንዲትን ታላቅ ሴት ለማክበር ችግር የለባትም። እቴጌ ምንትዋብ ባለቤቷ አፄ በካፋ ሲሞት እ.ኤ.አ. በ1730 ከልጇ ከዳግማዊ ኢያሱ ጋር ዘውድ ጭና አገር መርታለች፤ ያሠራችው የቁስቋም ግቢ እስከ ዛሬ ይጎበኛል። ከቤተ መንግሥቱ አጥር ውጭ ያሉት ሴቶች ታሪክ ግን በድንጋይ አልተሠራም። የተሠራው በድምፅ ነው፤ ድምፅ ደግሞ ካልመዘገቡት ይጠፋል።

አዝማሪነት በሰሜኑ ክፍል የቤተሰብ ሙያ ነው። ከጎንደር ከተማ ብዙም የማትርቀው ቡርቧክስ በአዝማሪዎቿ የታወቀች መንደር ናት። ልጅ ሙያውን የሚማረው ትምህርት ቤት ገብቶ ሳይሆን እናትና አባቱን ተከትሎ ሠርግ ለሠርግ እየዞረ ነው። ወንዱ ልጅ ፈረስ ጭራ የተወጠረባትን አንዲት ክር መገዝገዝ ይለምዳል፤ ሴቷ ልጅ ዜማ፣ ግጥምና እስክስታ። ትዝታን ከባቲ፣ አምባሰልን ከአንቺሆዬ በጆሮዋ ትለያለች። የራሳቸው የሆነ፣ እንግዳ የማይገባው የሙያ ቋንቋም አላቸው፤ በእንግዳው ፊት ስለ እንግዳው ኪስ መነጋገሪያ ቢሆን አይገርመኝም!

«አዝማሪ» የሚለው ቃል ከግዕዙ «ዘመረ» የወጣ ነው፤ «መዝሙር»ም ከዚያው ግንድ ነው። አንዱ ቅርንጫፍ ሲከበር ሌላው መናቂያ ሆኖ ቆየ። ለዘመናት አዝማሪን ማድነቅና ከአዝማሪ ጋር አለመጋባት ጎን ለጎን ሄደዋል። በሴቷ ላይ ደግሞ ንቀቱ ይደርባል፤ በሌሊት ትሠራለች፣ በጠጪ መሀል ትቆማለች፣ ሰውን አይን አይኑን እያየች ትዘፍናለች። ይህ ሁሉ ሥራዋ መሆኑ ይረሳና እንደ ጠባይዋ ይቆጠርባታል። ባለጌ እንግዳን ሳታስቀይም፣ የቤቱንም ገበያ ሳታበላሽ፣ በሁለት ስንኝ ሰምና ወርቅ ከቦታው መመለስ ምን ያህል ችሎታ እንደሚጠይቅ የሚያውቀው ከደንበኛ ጋር የሚሠራ ሰው ብቻ ነው። እኛ ለዚህ ስልጠና ተብሎ ሆቴል አዳራሽ ተከራይተን ሁለት ቀን እንቀመጣለን።

በማለዳ የምትመጣዋ

ስለ ደንበኛ ካነሳን ላሊበላዎችን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ጎህ ሲቀድ በየደጃፉ ቆመው በዜማ የሚመርቁትንና ምጽዋት የሚቀበሉትን ማለቴ ነው፤ በአንዳንድ ቦታ ሐሚና ይሏቸዋል። ዘፈኑን ካቆሙ ሥጋ ደዌ ይይዛቸዋል የሚል አፈ ታሪክ አብሯቸው ኖሯል። ብቻውን የሚዞር ቢኖርም ባልና ሚስት ሆነው ሲዞሩ ዜማው የሁለቱ ነው። ያለ እሷ ድምፅ ምርቃቱ ጎዶሎ ይሆናል።

በጎንደር ለረጅም ዓመታት ያጠናቸውና እ.ኤ.አ. በ2005 ስለ ላሊበላዎች ፊልም የሠራው ጃፓናዊው የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ ኢትሱሺ ካዋሴ እንዳሳየው፣ ወደ አንድ ቤት ከመቅረባቸው በፊት ጎረቤት ይጠይቃሉ። የባለቤቱ ስም ማን ነው? ሃይማኖቱስ? ምን ይሠራል? ከዚያ በኋላ ነው በስሙ ጠርተው የሚመርቁት። ገና ከእንቅልፉ ያልነቃ ሰው ስሙን በዜማ ሲሰማ እጁን ወደ ኪሱ የማይሰድ ስንቱ ነው? ይህን ነገር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ «የገበያ ጥናት» ብለው አስተምረውኛል፤ ያውም በአንድ ሙሉ ሴሚስተር።

ያለ ታዳሚ የተዘፈነ

ወደ ወገራ፣ ዳባትና ደባርቅ ስትወጡ መድረኩ ይጠፋል፣ ጥበቡ ግን አይጠፋም። በደጋው ሴቶች ዘንድ ከሁሉ የቆየው መድረክ የድንጋይ ወፍጮ ነበር። ከሌሊቱ ተነስታ እህል የምትፈጭ ሴት መጁን እየገፋች የምታንጎራጉረው የወፍጮ እንጉርጉሮ ከአማርኛ ቃል ግጥም ሀብታም ክፍሎች አንዱ ነው። የአማት ክፋት፣ የባል ግዴለሽነት፣ በልጅነት መዳር፣ የወላጅ ናፍቆት፣ ሁሉም እዚያ አለ። ቀን በአደባባይ ብትናገረው የሚያስቀጣት ቃል ሌሊት በዜማ ይወጣል፤ አማትም ከመደቧ ላይ ሆና ትሰማለች። መልስ ለመስጠት ግን ይቸግራታል፤ ዘፈን ነዋ። ሞተር ወፍጮ ሲገባ የሴቶች ጉልበት ተረፈ፣ እሰየው። እንጉርጉሮው ግን መዋያ ቦታ አጣ። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ መናገር ግዴታ ይመስለኛል፤ ለእንጉርጉሮው ብዬ ማንንም ወደ መጁ አልመልስም።

ሙሾም አለ። ለቅሶ ላይ ሙሾ የምታወርደው አልቃሽ የሟቹን ሕይወት በደቂቃዎች ውስጥ በስንኝ መደርደር አለባት፤ ዘሩን፣ ደግነቱን፣ ጥሎት የሄደውን ቤት። የሚያለቅሰው ሰው ሁሉ የሚከተለው እሷን ነው። ወንዶቹ ሽማግሌዎች እንኳ በዚያች ሰዓት ቃሉን ለእሷ ይተዋሉ። ሙሾዋን ማን እንደገጠመው ተጠይቆ ግን አይታወቅም።

እዚህ ላይ አንድ እንግዳ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1932 ሚሼል ሌሪስ የሚባል ፈረንሳዊ ጸሐፊ ከዳካር ጅቡቲ ከተጓዘ የጥናት ቡድን ጋር ጎንደር ደርሶ ለወራት ቆየ። ብዙውን ጊዜውን ያሳለፈው መልካም አየሁ በተባለች የዛር ባለ ውቃቢ ቤት ነበር። ልጇ እማዋይሽ የምትዘፍናቸውንም አስተርጓሚው አባ ጀሮም ገብረ ሙሴ በማስታወሻ ደብተር ይጽፉ ነበር። ሌሪስ ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1958፣ ያየውን በመጽሐፍ ሲያወጣ ርዕሱ ላይ የጎንደርን የዛር ሥርዓት «ቲያትራዊ ገጽታ» ብሎ አስቀመጠ። ዛርን በተመለከተ ቤተ ክርስቲያን ያላት አቋም ይታወቃል፤ እኔም ስለ መናፍስቱ የምለው የለኝም። የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። በዚያ ዘመን በአዲስ አበባ መድረክ ላይ ሴት ተዋናይ ሳትታይ፣ ጎንደር ውስጥ አንዲት ሴት በራሷ ቤት ልብስ እየለወጠች፣ ድምፅ እየቀየረች፣ ጄኔራልም ንጉሥም እየሆነች ሰው ሰብስባ ታስተዳድር ነበር።

ቀሚስ የለበሰው ወንድ

የዘመናዊው ቲያትራችን ታሪክ ከዚህ አንጻር አስቂኝም አሳዛኝም ነው። ለብዙ ዓመታት የሴት ገጸ ባሕርይን ቀሚስ ለብሶ፣ ሻሽ አስሮ የሚተውነው ወንድ ነበር፤ ጨዋ ሴት መድረክ ላይ አትወጣም ተብሎ። በ1940ዎቹ ይህን ከሰበሩት ግንባር ቀደም ሴቶች አንዷ አስናቀች ወርቁ ናት። ትተውናለች፣ ትዘፍናለች፣ ክራርም ትመታለች። ክራር ያኔ የጠጅ ቤት መሣሪያ ተብሎ ይናቅ ነበር፤ እሷና እነ ሜሪ አርምዴ ግን በዚያው በተናቀ መሣሪያ ስማቸውን ተከሉ። አስናቀች እስከ መስከረም 2004 ድረስ ኖራለች፤ በሕይወት እያለችም ለኢትዮጵያ ሙዚቃ የተዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» የተባለ ተከታታይ የሲዲ ስብስብ አንድ ሙሉ ቁጥር ለእሷ ሰጥቷታል፤ አሥራ ስድስተኛውን።

በታይዋን ነገሩ ተገልብጦ ታገኙታላችሁ። በደሴቲቱ ሰሜን ምሥራቅ፣ በዪላን አካባቢ፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተወለደ «ገዛይሺ» የሚባል በዜማ የሚተወን የሕዝብ ቲያትር አላቸው። ሲጀምር የወንዶች ነበር፤ ኋላ ግን ሴቶች ገቡበትና የወንዱን ገጸ ባሕርይ፣ ጀግናውን፣ አፍቃሪውን፣ ንጉሡን ሳይቀር የሚጫወቱት እነሱ ሆኑ። ከእነዚህ አንዷ ያንግ ሊ ኋ የወንድ ሚና እየተጫወተች በቴሌቪዥን የአገሬው ሁሉ ኮከብ ለመሆን በቅታለች። ታዳሚው ሴት መሆኗን ጠፍቶት አይደለም፤ ትኬት የሚቆርጠው ለእሷ ብሎ ነው። ለእኔ የሚያስቀናው ይህ ነው። የከበሬታ ለውጥ የመጣው ስሟ ማስታወቂያው ላይ በትልቁ ሲጻፍ ነው።

የእኛም አዝማሪ ሴት ስሟ በትልቁ ሲጻፍ ምን ልትሠራ እንደምትችል አይተናል። እቴነሽ ዋሴ ከአዝማሪ ቤት የምሽት ዘፈን ተነስታ ከፈረንሳይ የጃዝ ሙዚቀኞች ጋር አልበም አውጥታ አውሮፓ ውስጥ መድረክ ላይ ቆማለች፤ በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣው አልበም ስሙ «ዘራፍ» ነው። ዘራፍ የወንድ ቃል ነው ለሚል ሰው ጥሩ መልስ ይመስለኛል።

ገንዘቡ

አሁን ወደ በሽታዬ ልመለስ። ባልና ሚስት አዝማሪዎች አንድ ሠርግ ላይ ሲሠሩ የሚዋዋለው ባል ነው፣ የሚቀበለውም ባል ነው። ሲስማሙ ችግር የለም። ሲፋቱ ግን እሱ ማሲንቆውንና ደንበኞቹን ይዞ ይሄዳል፤ እሷ ድምፅዋን ይዛ ሌላ ባለ ማሲንቆ ትፈልጋለች። ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። የፌዴራሉ የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግም ሆነ የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ በጋብቻ ውስጥ በሁለቱ ልፋት የተገኘ ገቢን የጋራ ነው ይላሉ። ግንባሯ ላይ የተለጠፈውም፣ ለእሱ በፖስታ የተሰጠውም።

ሌላም አለ። ስልኩን አውጥቶ ሙሉ ዘፈኗን የሚቀርጸው እንግዳ በማግስቱ ዩቲዩብና ቲክቶክ ላይ ይለጥፈዋል። ርዕሱ «የጎንደር ምርጥ አዝማሪ» ይላል፤ ስሟ የለም፤ ተመልካቹም ገቢውም የባለ ቻናሉ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ግን «ከዋኝ» ብሎ ለሚጠራው፣ ማለትም ለሚዘፍነው፣ ለሚተውነውና ለሚጨፍረው ሰው መብት ሰጥቶታል፤ ክዋኔው ሲቀረጽም ሆነ ለሕዝብ ሲሰራጭ ፈቃዱ ያስፈልጋል። የጻፍከው ወረቀት የታለ አይባልም። በዚያች ሌሊት፣ በዚያች መደብ ፊት መዝፈኗ ይበቃል።

እንግዲህ በእኛ እጅ ያለው ትንሽ ነገር ነው፤ ቢሆንም ገንዘብ የሚነካ ነው። ለድርጅታችሁ ዓመታዊ በዓል፣ ለልጃችሁ ሠርግ ወይም ለመልስ አዝማሪ ስትጠሩ ውሉን በሁለቱም ስም አድርጉት። ካርዱና ባነሩ ላይ የእሷን ስም ከእሱ እኩል አስወጡ። ስትቀርጹ አስፈቅዱ፣ ስትለጥፉ ስሟን ጻፉ። ለሆቴል ባለቤቶች ደግሞ በሙያዬ ልናገር፤ ስም ያለው ዘፋኝ ያለበት ቤት ስም ከሌለው ቤት ይበልጥ ይሸጣል። ጎንደር የፀጥታው ችግርና የቱሪስቱ መቀዝቀዝ ያደከማት ከተማ ናት፤ የጥምቀት ሰሞን፣ የፋሲለደስ መዋኛ በሰው ሲከበብ፣ ከየመንደሩ የሚመጡት አዝማሪዎች የዓመቱን ቀለብ የሚፈልጉት በእነዚያ ጥቂት ሌሊቶች ነው።

ማሲንቆውስ? በአዝማሪ ቤተሰብ ውስጥ እስከ ዛሬ ለሴት ልጅ እምብዛም አይሰጥም። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ማሲንቆ የሚገዘግዙ ወጣት ሴቶችን መድረክ ላይ ማየት ይቻላል፤ የፈረስ ጭራውም ደጋኑም ማን እንደያዘው አይለይም። አንዷ ጎንደር ሄዳ ከነዚያ አዝማሪ ቤቶች በአንዱ ብትቀመጥና «ተቀበይ!» የሚላትን እንግዳ ራሷ ገዝግዛ፣ ራሷ ዘፍና ብትመልስለት፣ ብሩን የት እንደሚለጥፈው ለማየት እጓጓለሁ።