በሰው እንጀራ፣ በራስ ቃል

ስንቱ ሕፃን በተስቦና በረኃብ በየመንገዱ ወድቆ ቀርቶ ሳለ፣ መከራ ብቻውን ሰውን አንጾ ለማዕርግ ያበቃል የሚለውን ነገር አሜን ብዬ ለመቀበል አልደፍርም። ነገር ግን መከራ ከመምህርና ከባልንጀራ፣ ይልቁንም ከዕለት ተዕለት ተግባር ጋራ ሲገናኝ የሰውን ባሕርይ ምን ያህል እንደሚለውጥ ለመመልከት የወደደ ሰው፣ እንደ ዋሸራና እንደ ጎንጅ ያሉትን የጎጃም ቅኔ ቤቶች ኑሮ ቢመረምር ብዙ ያገኛል።

ዳዊቱን የጨረሰ ልጅ፣ አባቱ ለእርሻና ለከብት ጥበቃ ስለሚፈልገው፣ ብዙ ጊዜ ሳይሰናበት ሌሊት ጠፍቶ ይሄዳል። የባለጸጋ ልጅ ቢሆን የድኻ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ዱላውን ይዞ በማያውቀው አገር በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ማለት ይጀምራል፤ ዱላውም የሚያስፈልገው የመንደር ውሻ ለዚህ ስም ክብር ስለማይሰጥ ነው። ቀድሞ የማን ልጅ ነህ ይባል የነበረው፣ ከእንግዲህ የማን ተማሪ ነህ ይባላል። ለምኖ ያገኘውንም በሣር ጎጆው ውስጥ ከታመመው ጓደኛው ጋራ ይካፈላል።

የቅኔ ቤቱ ሕግ ግን ከልመናው ጋራ የሚጣላ ይመስላል። የኔታ ማታ ቅኔውን ዘርፈው፣ ሰሙንና ወርቁን ለይተው፣ የግሡን እርባታ አስረድተው ካሰናበቱት በኋላ፣ ተማሪው በማግሥቱ ከዛፍ ሥር ብቻውን ተቀምጦ የራሱን ቅኔ ይቆጥራል። ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ ድረስ በየደረጃው ሲወጣ፣ የሚያቀርበው ሁሉ አዲስ መሆን አለበት፤ ከጓደኛው የሰማውን ወይም ከቀደሙት ሊቃውንት የተወረሰውን የእኔ ነው ቢል፣ ቅኔውን የሚሰማው አስነጋሪ በጉባኤው ፊት ያሳፍረዋል። ቁራሹን ለምኖ የሚበላ ልጅ ቃሉን ለምኖ እንዲናገር አይፈቀድለትም። በየደጁ ሲቆም አንገቱን የማይደፋውም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፤ እንዲያውም ባለቤቲቱ ብትዘገይ የሚቆጣ አይጠፋም። ሆዱ ባዶ ሆኖ ሳለ፣ ከእርሱ በፊት ማንም ያልተናገረውን ነገር በልቡናው ይዞ ቆሟልና።

በዚያው በጎጃም አብያተ ጉባኤ የተማሩት፣ ኋላም በወረራው ዘመን ተማርከው በኢጣልያ ለዓመታት የታሰሩት ሐዲስ ዓለማየሁ፣ በ1958 ዓ.ም. በወጣው «ፍቅር እስከ መቃብር» በተባለው መጽሐፋቸው ውስጥ ዋናውን ባለታሪክ በዛብህን እንዲህ ካለው ሕይወት አውጥተው ከባላባት ግቢ ያስገቡታል። የድኻው ልጅ በትምህርቱ ተከብሮ መምህር ሆነ፤ የባላባቱን የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን በወደደ ጊዜ ግን፣ ቅኔ ቤት ያስረሳው ጥያቄ፣ የማን ልጅ ነህ የሚለው፣ ተመልሶ መጣበት፤ ለዚህም ጥያቄ የተማረው ቅኔ ሁሉ መልስ አልሆነውም።