የማጣቀሻ ማደራጃ ሶፍትዌርን ማሻሻልና የኢትዮጵያውያን ደራስያን ስም አመዘጋገብ

ማንኛውም የጥናት ጽሑፍ የሚመዘነው በደረሰበት ውጤት ብቻ ሳይሆን፣ ውጤቱ በተመሠረተባቸው ምንጮች ትክክለኛነትም ጭምር ነው። ቀደም ባለው ጊዜ ተመራማሪዎች የእያንዳንዱን መጽሐፍ ደራሲ፣ ርእስ፣ የታተመበትን ቦታና ዓመት በትንንሽ ካርዶች ላይ እየጻፉ በፊደል ተራ ያስቀምጡ ነበር። ዛሬ ይህን ተግባር እንደ ዞቴሮ፣ ሜንደሌይና ኤንድኖት ያሉ የማጣቀሻ ማደራጃ ሶፍትዌሮች ያከናውኑታል።

የካርድ ሣጥን እንደተሠራ ይቆያል፤ ሶፍትዌር ግን በየጊዜው ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ በጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ተዘጋጅቶ በነጻ መሠራጨት የጀመረው ዞቴሮ 6ኛውን እትም በ2022፣ 7ኛውን ደግሞ በ2024 አውጥቷል። ሜንደሌይ ዴስክቶፕ ይባል የነበረው የቀድሞ ፕሮግራምም ከመስከረም 2022 ጀምሮ ለአዲስ ተጠቃሚዎች መሰጠቱ ቀርቷል። ስለሆነም እ.ኤ.አ. በ2011 በተመሠረተው በመቱ ዩኒቨርሲቲ የሚማርም ሆነ በኡካ፣ በጎሬና በያዮ እያስተማረ ጥናት የሚጽፍ መምህር፣ ፈጥኖም ሆነ ዘግይቶ እትም መለወጡ አይቀርም።

1. ማሻሻል የሚለውጠው

አዲሱ እትም መጀመሪያ ሲከፈት የቆየውን መዝገብ ወደ አዲሱ አሠራር ሊለውጠው ይችላል። ከዚያ በኋላ አሮጌው እትም ያንኑ መዝገብ ሊከፍተው ላይችል ይችላል። እንዲሁም ለቀድሞው እትም የተሠሩ ተጨማሪ መሣሪያዎች በአዲሱ ላይ ላይሠሩ ይችላሉ፤ ዞቴሮ ከ6ኛው ወደ 7ኛው ሲሸጋገር የታየው ይኸው ነው። ከዚህም የተነሣ የመመረቂያ ጽሑፉ ማስረከቢያ በተቃረበበት ሳምንት እትም መለወጥ አይመከርም።

2. ማሻሻል የማያርመው

ብዙዎች አዲስ እትም የቆየውን ስሕተት ያርማል ብለው ያስባሉ። ይሁን እንጂ ሶፍትዌሩ የተሰጠውን መዝገብ ከነስሕተቱ ያሸጋግረዋል እንጂ አይመረምረውም። ለኢትዮጵያውያን ጸሐፊዎች ዋናው ስሕተት የስም አመዘጋገብ ነው።

እነዚህ ሶፍትዌሮች የተነደፉት የቤተሰብ ስም ባለው ኅብረተሰብ ልማድ ሲሆን፣ በአገራችን ግን ሁለተኛው ስም የአባት ስም ነው። ለምሳሌ የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በሁለት የስም ሣጥን ሲመዘገብ፣ በብዙ የአጻጻፍ ሥርዓቶች «ዓለማየሁ፣ ሐ.» ተብሎ ይወጣል። እንዲህ ሲሆን መጽሐፉን የጻፉት ሐዲስ በአንድ ፊደል ተወስነው፣ መጽሐፉን ያልጻፉት አባታቸው የደራሲነቱን ቦታ ይይዛሉ። በ«ሐ» ሥር የሚፈልግ አንባቢም አያገኘውም።

እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2014 በአምስት ቅጽ የታተመው ኢንሳይክሎፔዲያ ኤቲዮፒካ የኢትዮጵያውያንን ስም ያስቀመጠው በራሳቸው ስም ተራ ነው። ዞቴሮም ለዚህ መፍትሔ አለው፤ ከስሙ አጠገብ ባለው ምልክት ሁለቱን ሣጥኖች ወደ አንድ በመለወጥ «ሐዲስ ዓለማየሁ» ተብሎ በሙሉ ሊጻፍ ይችላል። ከኢንተርኔት በቀጥታ የተወሰዱ መዝገቦች ግን ብዙውን ጊዜ በሁለት ሣጥን ተከፍለው ስለሚመጡ፣ በየጊዜው መታየት አለባቸው።

3. የዘመን አቆጣጠር

ሶፍትዌሩ ዓመትን የሚያነበው እንደ ቁጥር ብቻ ነው። በመሆኑም በ1958 ዓ.ም. የታተመ የአማርኛ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1960 ከታተመ መጽሐፍ በፊት ይሰለፋል። በእውነቱ ግን 1958 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. 1965/66 ስለሆነ፣ የአማርኛው መጽሐፍ የታተመው በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ ስለተመዘገበው ስለ ያዮ የቡና ደን የሚያጠና ሰው ሁለቱንም አቆጣጠር የያዙ ምንጮችን ቢያቀላቅል፣ የጥናቶቹ ቅደም ተከተል ይፋለስበታል። ስለዚህ አንዱን አቆጣጠር መርጦ በመግቢያው ላይ ማስታወቅ ይገባል።

4. የሥራው ቅደም ተከተል

ሀ) ፕሮግራሙን ዘግቶ የመዝገቡን ማኅደር በሙሉ በፍላሽ ዲስክ መገልበጥ፤ የጥናቱን ጽሑፍም አብሮ ማስቀመጥ።

ለ) ስሞችንና ዓመታትን ከማሻሻሉ በፊት ማረም።

ሐ) አዲሱን እትም ጭኖ በጽሑፉ ግልባጭ ላይ መሞከር፤ ማጣቀሻዎቹን በማደስ እርማቱ መግባቱን ማረጋገጥ።

መ) በጽሑፉ ውስጥ ያሉትን ማጣቀሻዎች ወደ ተራ ጽሑፍ የመለወጡን ተግባር እስከ መጨረሻው ማቆየት፤ አንድ ጊዜ ከተለወጡ ከመዝገቡ ጋር ያላቸው ግንኙነት ይቋረጣልና።

የዞቴሮ መዝገብ በራሱ በተጠቃሚው ኮምፒዩተር ላይ ስለሚቀመጥ፣ ይህ ሁሉ የኢንተርኔት መስመር በተቋረጠበት ሰዓትም ሊሠራ ይችላል፤ አዲሱ እትም አስቀድሞ መቱ ላይ ተወርዶ በፍላሽ ዲስክ ኡካ ድረስ መወሰድ ይችላል።

በአጠቃላይ፣ የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋማት የጥናት አጻጻፍ ትምህርት ሲሰጡ የሶፍትዌሩን አጠቃቀም ከማሳየት ባሻገር፣ ሠልጣኙ የአገሩን ደራስያን በራሳቸው ስም እንዲመዘግብ ሊያስተምሩት ይገባል። ሥራን ለባለቤቱ መስጠት የማጣቀሻ የመጀመሪያ ዓላማ ነውና፣ ይህን ኃላፊነት ከተመራማሪው ተረክቦ የሚፈጽም እትም የለም።