የማሽን ወሬ ከሩቅ

በዌብ ብራውዘር ከሩቅ በመታየት ቀድሞ ዝና ያተረፈው ማሽን የቡና ማፍያ ነው። በእንግሊዙ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ላቦራቶሪ ውስጥ ተመራማሪዎች አንድ ማፍያ ይጋሩ ነበር፤ ከሌላ ፎቅ የሚመጣው ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ባዶ ማሰሮ ነበር። በ1991 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ካሜራ ደቀኑበት፤ ማንም ከወንበሩ ሳይነሳ ቡና መኖር አለመኖሩን ያይ ጀመር። በኖቬምበር 1993 ምስሉ ከሕንፃው ወጥቶ ዌብ ላይ ዋለ፤ ካሜራው በኦገስት 2001 እስኪዘጋ ድረስም ያንን ማሰሮ ዓለም ሲመለከተው ኖረ። የዚያ ቡና ዘር የሚመዘዘው ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካ፣ ዩኔስኮ በ2010 ከመዘገባቸው እንደ ከፋ ካሉ ደኖች መሆኑን ተመልካቾቹ ያሰቡት አይመስለኝም።

ዛሬ ፋብሪካዎች ሞተራቸውንና ቦይለራቸውን የሚከታተሉት በዚያው ሐሳብ ነው። በካሜራው ቦታ ሴንሰር ገባ፤ ማሰሮውን ቁጥርና መስመር ተካው።

በከፋ ዞን ነገሩን ለማስረዳት ከቡና ይልቅ ሻይ ይመቸኛል። የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ሞተር የሚዞረው በለቀማ ወራት ነው፤ ሻይ ግን ዓመቱን ሙሉ ይቀጠፋል፤ ከተቀጠፈ በኋላም ቀጠሮ አይሰጥም። ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ በኩል ውሽውሽ አለ፤ የኢትዮ አግሪ ሴፍት የሻይ እርሻና ፋብሪካ። ጥቁር ሻይ በየትም አገር በአራት ደረጃ ያልፋል፦ ይጠወልጋል፣ ይፈጫል፣ ይብላላል፣ ይደርቃል። ቅጠሉ ተዘርግቶ ከሥሩ አየር እየተነፋበት የሚጠወልገው ከ12 እስከ 18 ሰዓት በሚፈጅ ጊዜ ነው፤ ይህም ማለት ዋናው ሥራ የሚካሄደው ሌሊት፣ ኃላፊዎቹ በተኙበት ሰዓት ነው ማለት ነው። ነፋሽ ሞተሩ እኩለ ሌሊት ላይ ቆሞ ማንም ልብ ካላለው፣ የተከመረው ቅጠል በራሱ ሙቀት ይግልና ይቀላል። ማድረቂያው ላይ ደግሞ እርጥበቱ ወደ 3 በመቶ ገደማ መውረድ አለበት፤ እሳቱ ከላላ ሻዩ ይሻግታል፣ ከበዛ ያርራል።

እንዲህ ባለ ፋብሪካ የርቀት ክትትል ቢተከል መንገዱ ይህ ነው። ሴንሰሩ ሙቀቱን ወይም ሞተሩ የሚስበውን የኤሌክትሪክ መጠን ይለካል። ልኬቱ ማሽኑን ወደሚያዝዘው ኮምፒውተር፣ ባለሙያዎች ፒኤልሲ ወደሚሉት ይገባል። ሲም ካርድ ያለው ትንሽ ሣጥን ከዚያ ተቀብሎ ወደ ሰርቨር ይልከዋል። ቦንጋ ቢሮው ወይም አዲስ አበባ ያለ መሐንዲስ ስልኩ ላይ ብራውዘሩን ከፍቶ፣ የይለፍ ቃሉን አስገብቶ ያያል። የተለየ ሶፍትዌር መጫን አያስፈልገውም፤ የብራውዘር ጥቅሙ ይኸው ነው።

ይህን ያህሉን የመሣሪያው ሻጭም ይነግራችኋል። ሻጩ እምብዛም የማያነሳው ግን አንድ ጥያቄ አለ፦ ገጹ ላይ ዜሮ ሲታይ፣ ማሽኑ ቆሞ ነው ወይስ ወሬው ተቋርጦ? መብራት በሚሄድበት፣ ዝናብ ሲከብድ ኔትወርክ በሚደክምበት አገር ከዚህ የሚበልጥ ጥያቄ የለም።

የድሮ መሐንዲሶች ይህን አስቀድመው አስበውበታል። የፋብሪካ ሴንሰሮች ልኬታቸውን በሽቦ የሚልኩት ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 20 ሚሊአምፔር ባለ የኤሌክትሪክ ፍሰት ነው። ዝቅተኛው ልኬት 4 ነው፤ ከፍተኛው 20። ለምን ከዜሮ አልጀመረም? ከዜሮ ቢጀምር ኖሮ አይጥ የበላው ሽቦና ባዶ ታንከር አንድ ዓይነት ምልክት ይሰጡ ነበር። አሁን ግን 4 ከመጣ ታንከሩ ባዶ ነው፤ ዜሮ ከመጣ ሽቦው ተበጥሷል። እንደ እኔ ከዘርፉ ብልሃቶች ሁሉ ይህን የሚያህል የለም፤ ምንም ሶፍትዌር አልጠየቀም።

በኢንተርኔቱ በኩልም ተመሳሳይ ዘዴ ተበጅቷል። ኤምኪውቲቲ የሚባለው የመልእክት አላላክ ሥርዓት በ1999 የተፈጠረው የነዳጅ ቧንቧዎችን በሳተላይት ለመከታተል ነው፤ የመስመሩ ዋጋ ውድ፣ አስተማማኝነቱም ትንሽ ስለነበር መልእክቶቹ አጫጭር ሆነው ተሠሩ። በውስጡ ኑዛዜ አለ። መሣሪያው ገና ሲገናኝ «ድንገት ከጠፋሁ ይህን ንገሩልኝ» ብሎ አንድ መልእክት ለሰርቨሩ አደራ ያስቀምጣል። ግንኙነቱ ሳይሰናበት ሲቋረጥ ሰርቨሩ ያንን መልእክት ለሚከታተሉት ሁሉ ያደርሳል። መሐንዲሱም ከሁለት ሰዓት በፊት የመጣውን ቁጥር የአሁን መስሎት አይቀመጥም።

ስለዚህ ለከፋ ፋብሪካ የሚገዛ ሣጥን በገጹ ውበት መመዘን የለበትም። መብራት ሲሄድ የሚያቆየው የራሱ ባትሪ ሊኖረው ይገባል። ኔትወርክ ሲጠፋ ልኬቱን ከነሰዓቱ ይዞ ቆይቶ፣ ሲመለስ ሁሉንም ማስረከብ አለበት። ያለዚያ ሻዩ የተበላሸበት ያ ሌሊት ከመዝገቡ የሚጎድለው ብቸኛ ሌሊት ይሆናል፤ ማሽን የሚበላሸውም ሆነ ወሬ የሚቋረጠው መብራት ሄዶ ሲመጣ ሊሆን ይችላልና። እያንዳንዱ ቁጥር አጠገቡ የተለካበት ሰዓት ይጻፍ፤ ጊዜው ያለፈበት ቁጥር ደግሞ ቀለሙ ይቀየር።

መዝገቡ ከቅጽበታዊ እይታው ይልቅ የሚጠቅምበት ጊዜም አለ። ኩሽኔታው እያለቀ ያለ ሞተር ከመቆሙ በፊት ይግላል፣ ይንቀጠቀጣል። ልምድ ያለው መካኒክ በጆሮው ይለየዋል። በአንድ ፈረቃ ብዙ ሞተር ለሚጠብቅ ሰው ግን የሳምንታቱ መስመር ቀስ እያለ ሲወጣ ማየት ትልቅ እገዛ ነው፤ መለዋወጫውን ከጂማ ወይም ከአዲስ አበባ ለማስመጣት ቀናት ያተርፍበታል።

ማየት ሌላ፣ ማዘዝ ሌላ ነው። ስተክስኔት የተባለው በ2010 የተደረሰበት የኮምፒውተር ቫይረስ በኢራን ናታንዝ የዩራኒየም ማበልጸጊያ ማሽኖችን ሲያበላሽ፣ ለተቆጣጣሪዎቹ ያሳይ የነበረው ቀድሞ የቀዳውን የሰላም ጊዜ ልኬት ነበር። እዚያ ቁጥሩ አልተቋረጠም፤ ዋሸ። ከዚያ ወዲህ ጠንቃቃ ፋብሪካዎች መረጃው ወደ ውጭ እንዲወጣ እንጂ ትእዛዝ በዚያው መንገድ ወደ ውስጥ እንዲገባ አይፈቅዱም። ማድረቂያውን ማጥፋትና ማብራት አጠገቡ ለቆመው ተረኛ ይተዋል፤ የማሽኑ ቀበቶ አጠገብ የሰው እጅ መኖር አለመኖሩን ከአዲስ አበባ ማየት አይቻልምና።

ለማስጠንቀቂያው ደግሞ አጭር የጽሑፍ መልእክት ይበቃል፤ ዳታ ሲደክም እንኳ እሱ ብዙ ጊዜ ያልፋል። የማስጠንቀቂያዎቹ ብዛት ግን መመጠን አለበት። በየሰዓቱ የሚጮኽ ስልክ ትራስ ሥር ይገባል። ነፋሹ ሲቆም፣ የማድረቂያው ሙቀት ከመጠኑ ሲወጣ፣ ሣጥኑ ራሱ ሲጠፋ፦ ለመጀመሪያው ዓመት ሦስቱ ይበቃሉ። መልእክቱም መጀመሪያ ፋብሪካው ውስጥ ላለው የሌሊት ተረኛ ይድረስ፤ ለሥራ አስኪያጁ የሚላከው ተረኛው በአሥር ደቂቃ ውስጥ ካልመለሰ ነው።