ስሙ በስምንት መልክ የሚጻፍ ስፍራ፦ የአማርኛ ጥናቶችና የፍለጋ ውጤት



አንድ ተማሪ ስለ ሐዋሳ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ የተሠራ ጥናት ይፈልጋል እንበል። «ሐዋሳ»ን በሐመሩ ሐ፣ በሃሌታው ሀ፣ በራብዑ ሃ ወይም በቀድሞው አጠራር «አዋሳ» ብሎ፣ «ምሥራቅ»ንም በንጉሡ ሠ ወይም በእሳቱ ሰ ሊጽፍ ይችላል፤ በድምሩ ስምንት አጻጻፍ ነው። ለአንባቢ ሁሉም አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን እያንዳንዱ ሆሄ በዩኒኮድ የራሱ መለያ ቁጥር አለው። የፍለጋ ሞተሩ ካላቀራረባቸው ጥናቱ እያለ እንደሌለ ይቆጠራል።

ጉግል ሰርች ኮንሶል የተባለው ነጻ አገልግሎት ገጻችን በየትኞቹ ቃላት ሲፈለግ እንደታየና በአማካይ ስንተኛ እንደነበረ ያሳያል። ገጻችን ጨርሶ ያልታየባቸውን ፍለጋዎች ግን አይነግረንም። ስለዚህ በጉግል ትሬንድስ የአጻጻፎቹን ተፈላጊነት ማነጻጸር ይገባል።

ከዚያም በርእሱ የመረጥነውን ሆሄ እንጠብቅ፤ በብዛት የሚፈለገውን ሌላ አጻጻፍ በአጠቃሎው ውስጥ አንድ ጊዜ እናስገባ። ቃላትን ያለ ልክ መደርደር በጉግል መመሪያ የተከለከለ ነው። ሆሄን መጠበቅና ተገኝቶ መነበብ አይጋጩም።