የዩኒቨርሲቲዎች ደረጃ አወጣጥ

የዩኒቨርሲቲዎች ደረጃ ከፍተኛ የትምህርት ተቋማትን በተመረጡ መለኪያዎች አወዳድሮ በቅደም ተከተል የሚደረድር ዝርዝር ነው። አሳታሚው መለኪያዎቹን ይመርጣል፣ ለእያንዳንዱ በመቶኛ ክብደት ይሰጣል፣ ከዚያም ነጥቡን ይደምራል። ክብደቱን የሚወስነው አሳታሚው ራሱ ስለሆነ፣ በተቋሙ ውስጥ አንዳች ነገር ሳይለወጥ ደረጃው ሊወጣ ወይም ሊወርድ ይችላል።

ዩ ኤስ ኒውስ ኤንድ ወርልድ ሪፖርት የተባለው የአሜሪካ መጽሔት የመጀመሪያውን ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጣው የኮሌጅ ፕሬዚዳንቶችን አስተያየት ብቻ ሰብስቦ ነበር። ኋላ እንደ ተመራቂዎች ብዛትና የተቋሙ ወጪ ያሉ አኃዞች ተጨመሩ። ይሁንና አስተያየት ሰጪዎቹ ብዙዎቹን ተቋማት በቅርብ ስለማያውቋቸው፣ በዚህ መንገድ የሚለካው በአብዛኛው ዝና ነው።

የሻንጋይ ደረጃ በመባል የሚታወቀው ዝርዝር ግን አስተያየት አይጠይቅም። እ.ኤ.አ. በ2003 በሻንጋይ ጂያኦ ቶንግ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ሲሆን፣ ከነጥቡ 20 በመቶው የኖቤል ሽልማት ወይም የፊልድስ ሜዳሊያ (ትልቁ የሒሳብ ሽልማት) ላገኙ መምህራን፣ 10 በመቶው ደግሞ እነዚህን ሽልማቶች ላገኙ የቀድሞ ተማሪዎች ይሰጣል። ሌላ 20 በመቶ «ኔቸር» እና «ሳይንስ» በተባሉት ሁለት መጽሔቶች ላይ ለወጡ ጥናቶች ነው። የሚገርመው፣ ዝርዝሩ «የትምህርት ጥራት» ብሎ የሚጠራው ያንኑ የቀድሞ ተማሪዎች የሽልማት ቁጥር ነው። ክፍል ውስጥ ገብቶ መምህሩ እንዴት እንደሚያስተምር የሚያይ የለም። ስለዚህ ጥሩ መምህራንን ወይም የግብርና ባለሙያዎችን የሚያፈራ ተቋም በዚህ ሚዛን ቀሎ ይገኛል። ከ100ኛ በታች ያሉትም ለየብቻ ቁጥር አይሰጣቸውም፤ «101–150» እየተባሉ በጅምላ ይቀመጣሉ።

ሌላው ችግር የመረጃው ምንጭ ነው፤ በአሜሪካው ዝርዝር ብዙውን አኃዝ የሚልኩት ተመዛኞቹ ራሳቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2022 ማይክል ታዴየስ የተባሉ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ፕሮፌሰር፣ በወቅቱ 2ኛ የነበረው የገዛ ተቋማቸው የላካቸውን አኃዞች መርምረው ትክክለኛነታቸው አጠራጣሪ መሆኑን በጽሑፍ አሳወቁ። ዩኒቨርሲቲውም በአንድ ክፍል ስለሚማሩ ተማሪዎች ብዛትና ስለ መምህራኑ የትምህርት ማዕረግ የሰጠው መረጃ ስህተት እንደነበረበት አመነ። በዚያው ዓመት መስከረም በወጣው ዝርዝር ኮሎምቢያ 18ኛ ሆነ፤ በ2023 ደግሞ ለመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት ቤቶቹ ደረጃ መረጃ መላኩን እንደሚያቆም አስታወቀ።