ለትምህርት ቤት የሚሆነውን ብራውዘር ስለ መምረጥ

ማናቸውም ሥራ በመሣሪያው ይከናወናል፤ መሣሪያውም እንደ መራጩ ማስተዋል ያስመሰግናል ወይም ያስነቅፋል። ቁም ጸሐፊ መጽሐፍ ሊጽፍ ሲነሣ ብራናው በሚገባ የተፋቀ፥ ቀለሙ የማይለቅ፥ ብርዑም በልክ የተቀረጸ መሆኑን ሳይመረምር እጁን አያነሣም፤ ቀለሙ ክፉ የሆነ እንደ ሆነ የድካሙ ፍሬ ከብራናው ላይ እንደሚጠፋ ያውቃልና። ገበሬም ቢሆን የዋልካውን ምድርና ቀዩን አፈር ባንድ ዓይነት አኳኋን አያርስም። እንግዲህ በዛሬው ዘመን የዕውቀት ደጅ ሆኖ የቆመው ብራውዘር የተባለው መሣሪያ፥ ሳይመረመርና ሳይመዘን፥ ኮምፒዩተሩ ይዞት የመጣው ሁሉ እንደ መጣ በሕፃናት ፊት መቀመጡ የሚያሳስብ ነገር ነው።

ብራውዘር፥ ባማርኛም አሳሽ የሚሉት፥ ድረ ገጾችን ከፍቶ ለማንበብ የሚያገለግል የኮምፒዩተር ፕሮግራም ነው። ተማሪው መጽሐፍ የሚፈልገው፥ መምህሩ ትምህርቱን የሚያሳየው፥ አልፎ አልፎም ፈተና የሚሰጠው በዚሁ በኩል ስለ ሆነ፥ እንደ መስኮትም እንደ በርም ሆኖ ያገለግላል። በመስኮቱ ብርሃን ይገባል፤ በሩ ግን ጠባቂ ያጣ እንደ ሆነ ሌባም ይገባበታል። የመጀመሪያውን ብራውዘር በአውሮፓ አቈጣጠር በ1990 የሠራው ቲም በርነርስ ሊ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ ነው፤ የሠራውም ጄኔቭ አጠገብ በሚገኘው ሰርን በተባለው የምርምር ተቋም ሳለ ነው። ከዚያ በኋላ በ1993 ሞዛይክ፥ በ1995 ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር፥ በ2003 ሳፋሪ፥ በ2004 ፋየርፎክስ፥ በ2008 ክሮም ተከታትለው ወጡ።

ይህን ታሪክ ማንሣት ለትምህርት ነው። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር በጊዜው ዓለሙን የሞላ ስለ ነበረ፥ ብዙ መሥሪያ ቤቶችና ትምህርት ቤቶች መዝገባቸውንና ትምህርታቸውን በእርሱ ብቻ እንዲከፈት አድርገው ሠርተውት ነበር፤ ሠሪው ኩባንያ ማይክሮሶፍት በ2022 ድጋፉን ባቋረጠ ጊዜ ግን ሥራቸውን ወደ ሌላ ለማዛወር ተገደዱ። እንዲሁም አዶቤ የተባለው ኩባንያ ፍላሽ ለተባለው ፕሮግራም የሚሰጠውን ድጋፍ በ2020 መጨረሻ ላይ ስላቆመ፥ በእርሱ የተሠሩት ብዙ የሕፃናት መማሪያ ጨዋታዎችና የሚንቀሳቀሱ ሥዕሎች እንደ ወትሮው መከፈታቸው ቀረ። ከዚህ የሚገኘው ምክር ግልጥ ነው። ትምህርት በአንድ ነጋዴ ዕቃ ላይ ብቻ መታሰር የለበትም፤ ሁሉም በሚቀበለው የጋራ ደንብ ተሠርቶ ከማናቸውም ብራውዘር ሊከፈት ይገባል።

የብራውዘሮቹ ስም ብዙ ቢሆንም ሥራቸው ጥቂት ነው የሚሉም አሉ፤ ነገሩም በከፊል እውነት ነው። ክሮም፥ ኤጅ፥ ኦፔራና ብሬቭ የተባሉት ሁሉ ክሮሚየም ከተባለው ከአንድ መሠረት የተሠሩ ናቸው፤ ኤጅም ወደዚህ መሠረት የዞረው በ2020 ነው። ፋየርፎክስ ግን ጌኮ የተባለውን፥ ሳፋሪም ዌብኪት የተባለውን የየራሳቸውን ሞተር ይዘው ቆመዋል። ስለዚህ አንድ መምህር ያዘጋጀውን ትምህርት በክሮምና በኤጅ ከፍቶ ቢያይ አንዱን ሁለት ጊዜ እንደ መመርመር ይቈጠራል፤ በክሮምና በፋየርፎክስ ከፍቶ ያየ እንደ ሆነ ግን በእርግጥ ሁለት ምስክር አቆመ ማለት ነው።

መራጩ አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባው፥ ብራውዘሩ ትምህርት ቤቱ ባለው ኮምፒዩተር ላይ ይሠራልን፥ ሠሪውስ እስከ ዛሬ ይጠብቀዋልን የሚለውን ነው። ብራውዘር እንደ ቤት ጣራ ነው፤ በየጊዜው ካልተጠገነ ያፈሳል። ዊንዶውስ 7 የተጫነባቸው አሮጌ ኮምፒዩተሮች ከ2023 መጀመሪያ ወዲህ አዲሱን ክሮም አይቀበሉም፤ ዊንዶውስ 10ም ቢሆን የተለመደው ድጋፉ በጥቅምት ወር 2025 አብቅቷል። ኮምፒዩተሩ አሮጌ ነው ተብሎ ወዲያው ሊጣል አይገባውም፤ ሊኑክስ የተባለውን ያለ ክፍያ የሚገኝ መሠረታዊ ፕሮግራም ጭኖ ዕድሜውን ማርዘም ይቻላልና። ፋየርፎክስም ለትምህርት ቤቶችና ለመሥሪያ ቤቶች የታሰበ፥ ድጋፉ የረዘመ ዓይነት አለው፤ ይህም መልኩንና አሠራሩን ቶሎ ቶሎ ሳይለውጥ የጥበቃ ጥገናውን ብቻ ስለሚቀበል፥ መምህሩ ዛሬ ያስተማረውን አሠራር ነገ ተለውጦ እንዳያገኘው ያደርጋል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የፊደል ነገር ነው። ቀድሞ የግዕዝ ፊደል በኮምፒዩተር ሲጻፍ እያንዳንዱ ሠሪ የራሱን ስውር ቍጥር ይሰጠው ስለ ነበር፥ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጕም የሌለው ምልክት ሆኖ ይታይ ነበር። በ1999 ፊደሉ ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ ሦስተኛ እትም ውስጥ በመግባቱ ይህ ውዥንብር ተወገደ። ይሁን እንጂ ፊደሉ መታየቱ ብቻ አይበቃም፤ መራጩ የአማርኛና የግዕዝ ገጽ ከፍቶ፥ እንደ ቈና እንደ ኰ ያሉት ፊደላት፥ ሁለት ነጥቡና አራት ነጥቡም በሚገባ መውጣታቸውን፥ ቃልም ሲፈለግ መገኘቱን መመርመር አለበት። ይህ ነገር በተለይ ሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያንን የሚመለከት ነው፤ በ1973 በፎቶግራፍ መነሣት ከጀመሩት ከኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ብዙዎቹ፥ በአሜሪካ በሚኔሶታ ያለው ሂል የተባለው የጽሑፍ ቤተ መዘክር በከፈተው የንባብ ገጽ በብራውዘር ይታያሉና። የቅኔና የመጻሕፍት ደቀ መዝሙር ወደ ሩቅ አገር ሳይሄድ የአባቶቹን ብራና ገልጦ ለማየት ከቻለ፥ መሣሪያው ለዘመናዊው ትምህርት ቤት ብቻ የተሰጠ አይደለም ማለት ነው።

ዐይነ ስውራን ተማሪዎችም ሊታሰቡ ይገባል። ኤጅ የተከፈተውን ገጽ በድምፅ የሚያነብበት መሣሪያ አለው፤ አማርኛም ከሚያነባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ነገር ግን ይህ የአማርኛ ድምፅ የሚመጣው በኢንተርኔት መሥመር ከኩባንያው ዘንድ ስለ ሆነ፥ መሥመሩ በተቋረጠ ጊዜ ዝም ይላል፤ የሚነበበውም ጽሑፍ ከትምህርት ቤቱ ውጭ ይሄዳል። የተማሪ ውጤት ወይም የቤተ ሰብ ምስጢር የያዘ ጽሑፍ በዚህ መንገድ እንዳይነበብ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

በኢትዮጵያ የብዙ ትምህርት ቤቶች ችግር የመሥመር መቅጠንና መቋረጥ ስለ ሆነ፥ ብራውዘር ያለ ኢንተርኔትም ሊሠራ እንደሚችል ማወቅ ታላቅ ጥቅም አለው። ኪዊክስ የተባለው ፕሮግራም ዊኪፔድያን የመሰለውን ታላቅ መዝገብ በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ያከማቻል፤ ኮሊብሪ የተባለውም እንዲሁ የሒሳብና የሳይንስ ትምህርቶችን ከነመልመጃቸው ይይዛል። ሁለቱም ያለ ክፍያ ይገኛሉ። አንድ ኮምፒዩተር እንደ ጐተራ ሆኖ ይህን ከያዘ፥ የቀሩት ኮምፒዩተሮች በትምህርት ቤቱ ውስጥ በተዘረጋው ገመድ በኩል ከእርሱ እየቀዱ በብራውዘራቸው ያነባሉ። ያንድ ጊዜ ድካም ለዓመት ይሆናል፤ ተማሪውም ወደማይገባ ገጽ የሚሄድበት መንገድ አይኖረውም።

ከሁሉ ይልቅ ከባድ የሆነው ግን የሕፃናቱ ምስጢር ነው። ብዙዎቹ ብራውዘሮች በገንዘብ ስለማይገዙ ዋጋ የላቸውም ተብሎ ይታሰባል፤ ነገር ግን ተማሪው በስሙ ገብቶ የሚፈልገውን፥ የሚያነበውንና የሚመለከተውን እየመዘገቡ መያዝ ራሱ ዋጋ ነው። ሳሩን አይቶ ገደሉን ያላየ በሬ የሚሆነው እንዲህ ያለውን ዕቃ ስለ ርካሽነቱ ብቻ የተቀበለ ነው። በዴንማርክ አገር ሄልሲንግኦር በተባለችው ከተማ ትምህርት ቤቶቹ የጉግልን ኮምፒዩተሮችና ፕሮግራሞች ለተማሪዎቻቸው አድለው ሳለ፥ ከአንድ ወላጅ በቀረበ አቤቱታ ነገሩ ተመርምሮ፥ የአገሩ የመረጃ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በሐምሌ ወር 2022 አጠቃቀሙን ከለከለ። ክልከላው በኋላ ቢላላም፥ በ2024 መጀመሪያ ላይ ያው መሥሪያ ቤት 53 የከተማ አስተዳደሮች ሕጋዊ ምክንያት በሌለው አኳኋን የተማሪን መረጃ ለኩባንያው ማስተላለፋቸውን እንዲያቆሙ አዘዘ። ሀብትና ዐዋቂ የሞላበት አገር እንኳ አስቀድሞ ሳይመረምር በመቀበሉ ዓመታት የፈጀ ክርክር ውስጥ ከገባ፥ ሌላው ከዚህ መማር አለበት። በኢትዮጵያም የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅ ቍጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ ነገር የቅንነት ብቻ ሳይሆን የሕግ ግዴታ ሆኗል።

በአንድ ኮምፒዩተር በቀን ውስጥ ብዙ ተማሪዎች በሚፈራረቁበት ክፍል ደግሞ፥ የይለፍ ቃል በብራውዘሩ እንዳይቀመጥ፥ ተማሪውም ሲነሣ የሠራበት መዝገብ ሁሉ እንዲጠፋ ማድረግ ይገባል። ክሮምም፥ ኤጅም፥ ፋየርፎክስም ይህን በአንድ ኀላፊ ትእዛዝ በሁሉም ኮምፒዩተሮች ላይ ለማጽናት የሚያስችል ደንብ አላቸው። አያያዙን አይቶ ጭብጦውን ቀሙት እንደ ተባለው፥ አጠባበቁ የላላ እንደ ሆነ የሚወስድ አይጠፋም።

በብራውዘር ላይ የሚጨመሩት ቅጥያ የሚባሉ ትንንሽ መሣሪያዎችም እንዲሁ ናቸው። ጥቅማቸው ብዙ ነው፤ ነገር ግን ከእነርሱ ብዙዎቹ ሲጫኑ ተጠቃሚው የሚከፍተውን ገጽ ሁሉ ለማንበብና ለመለወጥ ፈቃድ ይጠይቃሉ። ግሬት ሰስፔንደር የተባለው ቅጥያ ብዙ ሰው የወደደው ሆኖ ሳለ፥ ባለቤትነቱ ወደ ሌላ እጅ ከተላለፈ በኋላ ጐጂ ነገር ተገኝቶበት ጉግል በ2021 ከገበያው አስወገደው። ዕቃው መልካም ቢሆን ነገ የማን እንደሚሆን አይታወቅምና፥ ትምህርት ቤት የቅጥያዎቹን ቍጥር ማሳነስ፥ ተማሪም በገዛ ፈቃዱ እንዳይጭን መከልከል አለበት። ከተፈቀዱት ውስጥ ግን ማስታወቂያ የሚያግደው ዩብሎክ ኦሪጂን ሊቀር አይገባም፤ ማስታወቂያ የሕፃኑን ልብ ከመበተኑም በላይ ቀጭኑን መሥመር ያጣብባልና። ጉግል የቅጥያዎችን ደንብ ስለ ለወጠ ይህ መሣሪያ በክሮም ላይ ሙሉ ሆኖ መሥራቱ ቀርቷል፤ በፋየርፎክስ ላይ ግን እንደ ቀድሞው ይሠራል።

ፈተናን በሚመለከት ደግሞ ምርጫው ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በኢትዮጵያ አቈጣጠር በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለአንዳንዶቹ ተፈታኞች በኮምፒዩተር መሰጠቱ የሚታወስ ነው። አንድ ተማሪ ብራውዘርን የመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው የዐሥራ ሁለት ዓመት ድካሙ በሚመዘንበት ሰዓት ላይ ቢሆን፥ ፈተናው የዕውቀቱ ሳይሆን የእጁ ልምምድ መመዘኛ ይሆንበታል፤ ይህም በደል ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና ልምምዱ ከታችኛው ክፍል መጀመር አለበት። ለፈተና ተብሎ የተዘጋጀ ሴፍ ኤግዛም ብራውዘር የሚባልም አለ፤ ይህም በዙሪክ ባለው የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ሲሆን፥ ፈተናው እስኪያልቅ ድረስ ኮምፒዩተሩን ቈልፎ ተፈታኙ ወደ ሌላ ገጽ እንዳይሄድ ያግዳል። ነገር ግን በዊንዶውስ፥ በማክና በአይፓድ ላይ እንጂ በሊኑክስ ላይ ስለማይሠራ፥ ይህን ለመጠቀም ያሰበ ትምህርት ቤት ኮምፒዩተሮቹን ሁሉ ወደ ሊኑክስ ከማዛወሩ በፊት የፈተናውን ክፍል መለየት ይገባዋል።

አንዳንድ ሹማምንት ለሁሉም አንድ ብራውዘር በትእዛዝ መወሰን ሥራን ያቀላል ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ እያንዳንዱ መምህር የወደደውን ይያዝ ይላሉ። ፊተኛው ሐሳብ ሥርዓትን፥ ሁለተኛው ነጻነትን ይጠብቃል፤ ሁለቱም ብቻውን የተያዘ እንደ ሆነ ይጐዳል። መካከለኛው መንገድ፥ አንዱን ዋና አድርጎ ከተለየ ሞተር የተሠራውን ሁለተኛ ተጠባባቂ ማድረግ ነው። ኮምፒዩተራቸው ላረጀ፥ መሥመራቸው ለቀጠነ ትምህርት ቤቶች ድጋፉ የረዘመው ፋየርፎክስ ዋና፥ ክሮሚየም ተጠባባቂ ቢሆን ከሁሉ የተሻለ ሆኖ ይገኛል። ምርጫው ከመጽናቱ በፊት መምህራን፥ የኮምፒዩተር ባለሙያና የወላጆች እንደራሴ ባንድነት ተቀምጠው በአንድ ክፍል ጥቂት ሳምንት ይሞክሩት፤ የታየውንም ጕድለት በመዝገብ ያስፍሩት።

በመጨረሻም መሣሪያ መምህርን እንደማይተካ መዘንጋት አይገባም። በኢትዮጵያ አቈጣጠር በ1997 ዓ.ም. ገደማ ፕላዝማ የተባለው ቴሌቪዥን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በገባ ጊዜ፥ ትምህርቱ ተማሪውን ሳይጠብቅ ይሄዳል፥ መምህሩንም ተመልካች ያደርገዋል ተብሎ ብዙ ተነቅፏል። ብራውዘር ከዚያ የሚሻለው መምህሩ ባሰበው ጊዜ የሚያቆመው፥ ወደ ኋላ የሚመልሰውና በመረጠው ገጽ ላይ የሚያሳርፈው ስለ ሆነ ነው፤ ይህ ብልጫ ግን የሚገኘው መምህሩ አስቀድሞ የሠለጠነበት እንደ ሆነ ብቻ ነው። ስለዚህ ለኮምፒዩተር መግዣ ገንዘብ የሚመድብ ሁሉ ለመምህሩ ማሠልጠኛም አብሮ ይመድብ። መልካም ብርዕ በሠለጠነ እጅ ሲያዝ መጽሐፍ ይወጣዋል፤ ባልሠለጠነ እጅ ግን ብራናውን ያበላሻል። ሕፃናቱም ገና ያልተጻፈባቸው ብራና ናቸውና፥ የሚጻፍባቸው በምን እንደ ሆነ መርምሮ መምረጥ አደራ የተቀበሉት ሁሉ ግዴታ ነው።